ቀለሙን የሚቀይር መስታወትና ባለ ቀዳዳ ስስ ሽፋን



የዚህ እትም ትምህርት የተነሣው ከአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ዘመዱ በአውሮፕላን ሲሄድ መስኮቱ መጋረጃ እንደሌለው፣ ከሥሩ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ግን መስታወቱ ራሱ ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚጨልም ነግሮት ኖሮ፣ «እውነት ነው ወይስ ቀልድ?» ብሎ ጠየቀን። እውነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 መስኮቱ እንዲህ ያለ ነው። በሚያዝያ ሐሩር በገላባት ራኩባ ሥር ለሚማር ልጅ ፀሐይን በቁልፍ መቀነስ ተረት ቢመስለው አንፈርድበትም።

በመጀመሪያ፣ ቀለም ምንድን ነው? ሁላችንም የምናውቀውን ከርከዴ እንውሰድ። ቀዩ ከርከዴ የአመድ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ወደ አረንጓዴ ይጠቁራል፤ ወዲያው ሎሚ ቢጨመርበት ወደ ቀይ ይመለሳል። ከርከዴው አልጠፋም። የተለወጠው ከብርሃን ውስጥ የትኛውን እንደሚውጥና የትኛውን እንደሚለቅ ነው። (የሞከራችሁበትን ግን አትጠጡት።) በዛሬው ትምህርታችን ይህን ለውጥ የሚያመጣው አመድና ሎሚ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። በኤሌክትሪክ ቀለማቸውን የሚቀይሩ ነገሮች ኤሌክትሮክሮሚክ ይባላሉ።

ከእነዚህ በሰፊው የታወቀው ተንግስተን ኦክሳይድ ነው። ተንግስተን ማለት ያው የድሮው አምፖል ክር የሚሠራበት ብረት ነው። ሳትየን ዴብ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ባሕርይውን በስስ ሽፋን ላይ አሳዩ። አሠራሩ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። በሁለት መስታወቶች መካከል ስስ ሽፋኑና አዮን የሚያመላልስ ኤሌክትሮላይት ይቀመጣሉ። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ኤሌክትሮኖች በአንድ በኩል፣ እንደ ሊትየም ያሉ ትናንሽ አዮኖች ደግሞ በሌላው በኩል ወደ ሽፋኑ ይገባሉ፤ ሽፋኑም ሰማያዊ ይሆናል። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ወጥተው ይመለሳሉ፤ መስታወቱም ይጠራል። የሚፈልገው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም ከ3 ቮልት አይበልጥም። (የ787ቱ መስኮት በዝርዝሩ ይለያል፤ መካከሉ ያለው ጄል ነው።)

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ኤሌክትሮን ፈጣን ነው፤ አዮን ግን ግዙፍ ስለሆነ በጠጣር ነገር ውስጥ እየተጋፋ ነው የሚያልፈው። ወጥ በቂጣ ላይ ብታፈሱ ከላይ ይንሳፈፋል። በእንጀራ ላይ ሲፈስ ግን በዓይኖቹ ገብቶ ወዲያው ያርሰዋል። ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን እንደ ቂጣው ነው። የሚፈለገው እንደ ክስራ የሳሳ፣ እንደ እንጀራ ግን ዓይን ያለው ነው።

ኬሚስቶች ይህን ዓይን በአጋጣሚ ሳይሆን በልክ መሥራት ችለዋል። ጎጆ ሲሠራ ማገሩ ከምሰሶው ጋር በልጥ ይታሰራል፤ በእንጨቶቹ መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። በእነርሱም ጎጆ ቋጠሮው የብረት አተም ነው፤ ማገሩ ከካርቦን የተሠራ ሞለኪውል ነው፤ ክፍት የቀረው አዮን የሚመላለስበት በር ነው። ይህ የብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፍ ይባላል። በማዕቀፉ ውስጥ ያለው ገጽ ብዛት ያስደንቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሞፍ-5 የተባለው ዓይነት ሁለት ግራም ያህሉ የእግር ኳስ ሜዳን የሚያህል ገጽ አለው። ማገሩ ራሱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀለሙን የሚቀይር ሞለኪውል ከሆነ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ቀለም ይቀይራል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ዚንክን ቋጠሮ አድርገው እንዲህ ያለ ስስ ሽፋን በመስታወት ላይ አበቀሉ፤ ማገሩን በለወጡ ቁጥር ቀለሙም ሌላ ሆነ።

ሞፍ-5ን የሠሩት ኦማር ያጊ ናቸው። ወላጆቻቸው ፍልስጤማውያን ስደተኞች ሲሆኑ፣ እርሳቸው በዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ከከብቶቹ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖር ነበር፤ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረውም። በ10 ዓመታቸው ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ወደሚውለው የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ሾልከው ገብተው፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የሞለኪውል ሥዕል አዩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሱሱሙ ኪታጋዋና ከሪቻርድ ሮብሰን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ይህን በክፍል ስናነብ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ዝም አሉ። ወዲያው አንዷ ተማሪ፣ «የኛስ መጻሕፍት የት ነው የተቆለፉት?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ነገሩን ግን ከመጠን በላይ አናሞግሰው። ከእነዚህ ማዕቀፎች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፉም፤ አንዳንዶቹ እርጥበት ሲነካቸው ይፈርሳሉ፤ መስኮት ደግሞ ሺህ ጊዜ ጨልሞ ሺህ ጊዜ መጥራት አለበት። ስለዚህ በማዕቀፍ የሚሠራው መስታወት አሁንም በአብዛኛው ከቤተ ሙከራ አልወጣም።

ለመልመጃ፦ የተንግስተን ኦክሳይድ መስታወት ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ሰማያዊነቱ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ለምን? የአዮኖቹን መግቢያና መውጫ እያሰባችሁ ጻፉና በትምህርት ቤት በኩል ላኩልን።