በኮምፒውተር መዝገብ የተዘጋው ሣጥን እንዲነበብ ስለ ማድረግ

መዝገብ የሚጠበቀው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይለውጠው፥ ሁለተኛው ባለጉዳይ በመጣ ጊዜ እንዲነበብለት ነው። ከነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ መዝገቡ ሥራውን በግማሽ ትቶታል። በጎንደር ዘመን የርስትና የጉልት ነገር በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ማንም ተነሥቶ ሊፍቀው አይችልም፤ ነገር ግን ክርክር በተነሣ ጊዜ ተገልጦ ይነበብ ነበር። ዛሬ የገጠር መሬት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባም ይህ ሥርዓት ሊጠፋ አይገባውም።

በኮምፒውተር ያለው ፎርም በሣጥን የተከፋፈለ ነው። ጸሐፊው የሚሞላው ሣጥን ክፍት ይሆናል። ሊለውጠው የማይገባው፥ ማለት የማሳው መለያ ቍጥር፥ ከካርታው ተሰልቶ የመጣው ስፋት፥ ከጸደቀም በኋላ የባለይዞታዎቹ ስም ይዘጋል። መዝጋቱ መልካም ነው። ክፉው ነገር ብዙ ፕሮግራም ሣጥኑን ሲዘጋ ጽሕፈቱንም አብሮ ማደብዘዙ ነው። በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. በወጣው ዊንዶውስ 95 የተዘጋው ሣጥን ጽሕፈት ግራጫ፥ መደቡም ፈዛዛ ግራጫ ነበር። የሁለቱ የብርሃን ልዩነት በመለኪያ ሲታይ ከ2 ለ1 ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ጥቁር በነጭ ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን 21 ለ1 ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቀለሙን ቢያሻሽሉም ልማዱ በየፕሮግራሙ ቀርቷል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሕፈት ከ4.5 ለ1 እንዳያንስ ያዝዛል፤ የማይሠራውን ሣጥን ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጎታል። ይህ ለማይሠራ የትእዛዝ ቁልፍ ይበቃ ይሆናል። በመሬት መዝገብ ግን የተዘጋው ሣጥን ከሁሉ የሚበልጠውን ቃል የያዘ ነውና ነፃነቱ ሊሰጠው አይገባም። ይልቁንም የአማርኛ ፊደል ተጠንቅቆ የሚነበብ ነው፤ ተ ከቸ፥ ነ ከኘ፥ በም ከቡ የሚለየው በአንዲት ጭረት ነው። ቀለሙ ሲደበዝዝ አስቀድማ የምትጠፋው ያች ጭረት ናት።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ዛሪማ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች በአዲ አርቃይ ወረዳ የምትገኝ ቆላ ናት። ከዚያ አንድ ባለማሽላ ገበሬ ከሚስቱ ጋራ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መጣ እንበል። ደብተሩ ከመታተሙ በፊት ስማቸው ሊነበብላቸው ይገባል፤ በአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 133 ከወጣ ወዲህ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር የሚሰጠው በሁለቱም ስም ነውና። የቆላው ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ስክሪኑን ሲመታ ግራጫው ጽሕፈት ከመደቡ ጋራ አንድ ይሆናል። ሣጥኑም ጠባብ ስለ ሆነ የአያት ስም ከዳር ተቈርጦ ቀርቷል። የተዘጋ ሣጥን ደግሞ ማውዝ ቢጫኑት አይሰማም፤ ጽሕፈቱን ወደ ግራ ስቦ ማየትም አይቻልም። በስምና በአባት ስም አንድ የሆኑትን ሁለት ጎረቤቶች የሚለየው ግን የአያት ስም ነው። ጸሐፊው በግምት ያነበበ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ በደብተሩ ላይ ታትሞ ነገ በዳኛ ፊት ክርክር ይሆናል።

መድኃኒቱ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

1ኛ፤ ጽሕፈት ያለበት ሣጥን ከመዘጋት ይልቅ «ለንባብ ብቻ» ይደረግ። እንዲህ ያለው ሣጥን መጻፍን ይከለክላል እንጂ ማንበብን አይከለክልም፤ ጽሕፈቱ ይሳባል፥ ይገለበጣልም። ዓይነ ስውር ሠራተኛ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ሲሠራ በኪቦርዱ ይደርስበታል፤ የተዘጋውን ሣጥን ግን ኪቦርዱ ዘሎት ያልፋል።

2ኛ፤ ልዩነቱ በመደቡ ቀለም ወይም በጠርዙ ይታወቅ፤ ፊደሉ ግን ጥቁር ይሁን። የብራና ጸሐፊ የከበረውን ስም በቀይ፥ ሌላውን በጥቁር ይጽፋል፤ ሁለቱም ይነበባሉ።

3ኛ፤ ከዝርዝር የሚመረጥበትና ምልክት የሚደረግበት ሣጥን በብዙ መሣሪያ «ለንባብ ብቻ» ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የተመረጠው ቃል በጽሕፈት ሣጥን ይታይ፤ በምልክቱም ፈንታ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ይጻፍ።

4ኛ፤ ሣጥኑ ስለ ምን እንደ ተዘጋና ማረም የሚችለው ማን እንደ ሆነ በአጠገቡ በአጭር ቃል ይገለጽ።

5ኛ፤ ጊዜው ያልደረሰ ባዶ ሣጥን እንደ ተዘጋ ቢቀር አይጐዳም፤ የሚነበብ የለበትምና።

ከፕሮግራም ሠሪው ጋራ ሲነጋገሩ ቃሉን ማወቅ ይጠቅማል። «ቀለሙን አጥቍርልን» የተባለ እንደ ሆነ «አይቻልም» ሊል ይችላል፤ በዊንዶውስ ፎርምስ የተሠራ የተዘጋ የጽሕፈት ሣጥን የታዘዘውን የፊደል ቀለም አይቀበልምና። በጃቫ ስዊንግ ግን ለዚህ ራሱን የቻለ ትእዛዝ አለ። ስለዚህ ጥያቄው «ሣጥኑን ለንባብ ብቻ አድርገው» የሚል ይሁን። ሣጥኑ የተነበበ እንደ ሆነ ማጭበርበር ይበዛል ብሎ መፍራትም አይገባም። እውነተኛው ቁልፍ በስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ ቀለም አይደለም፤ መረጃው በተከማቸበት ስፍራ ያልተፈቀደውን ለውጥ የሚመልሰው ሥርዓት ነው።

የወረዳ ሹማምንት ፕሮግራሙን ከመረከባቸው በፊት ይህን ፈተና ያድርጉ። በቀትር ጊዜ መስኮቱ ተከፍቶ፥ ከጸሐፊዎቹ በዕድሜ የገፋው በወንበሩ ተቀምጦ፥ የጸደቀ ፎርም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምፅ ያንብብ፤ ሌላው ደብተሩን ይዞ ይከታተል። የተሳሳተበት ወይም ዓይኑን ያጠበበበት ሣጥን ሁሉ ተመዝግቦ ለሠሪው ይመለስ። ይህ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ገበሬው ግን ስለ አንድ ስም የዛሪማን መንገድ ደግሞ እንዳይመላለስ ያደርገዋል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የሚወረሰው ግን ሊነበብ የቻለ እንደ ሆነ ነው።