ከፍታ፣ የአየር ግፊትና የመኪና ነዳጅ፦ ከሰቆጣ መንገድ የተወሰደ ትምህርት

መግቢያ

ከአላማጣ ተነስቶ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም፣ ከዚያም ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ መኪና በአጭር ርቀት ውስጥ ከ1,500 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። ከዓመታት በፊት በዚሁ ዳገት ላይ፣ በቀትር ሙቀት፣ የተሳፈርንበት አሮጌ የቤንዚን መኪና ድንገት ጠፋ። ሹፌሩ እንደነገረን ባለንብረቱ በዚሁ ችግር ምክንያት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የነዳጅ ፓምፑን በአዲስ አስለውጦ ነበር። መኪናው ግን በአዲሱም ፓምፕ እዚያው ቆመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ማንም ሳይነካው ተነሳ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር?

ከፍታ ምን ይለውጣል?

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ በምትገኘው ሰቆጣ ግን ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ የአየሩም እፍግታ ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ያህል ይሆናል። ከዚህ በመነሳት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው የድብልቁ መዛባት ነው። 1 ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ግን የአየሩን ክብደት አይመዝንም፤ ነዳጁን የሚስበው አየሩ በጠባቡ መተላለፊያ ሲያልፍ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። ስለዚህ የአየርና የነዳጅ ምጥጥን ከአየሩ እፍግታ ዳግም ዘር ጋር አብሮ ይቀንሳል፦

14.7 × √0.8 ≈ 13.1

ይህም ማለት ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር በሰቆጣ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ያስገባል ማለት ነው።

ሁለተኛው የነጥበ ፍሌት መውረድ ነው። በሰቆጣ ውኃ በ93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንዲሁ ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይተናል። በጋለ ሞተር አጠገብ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ከተፈጠረ ፓምፑ ፈሳሹን መግፋት ይሳነዋል፤ እንፋሎቱ ሲጫኑት ይታመቃል፣ ሲለቁት ይለጠጣልና።

ምርመራው በቅደም ተከተል

1. ሞተሩ ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በራሱ የሚነሳ ከሆነ በቅድሚያ እንፋሎትን መጠርጠር ይገባል።

2. በዝግታ በደህና እየሠራ ዳገት ላይ ብቻ ኃይል የሚያንሰው ከሆነ ፊልትሮው ይታይ። የተደፈነ ፊልትሮ ለጥቂት ነዳጅ ይበቃል፤ ፍላጎቱ ሲጨምር ግን ያንሳል።

3. ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያመለክታሉ። ካርቡራተሩን ከመንካት በፊት የአየር ፊልትሮው ይጽዳ።

4. በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ኢንጄክተር ያለው መኪና የአየሩን መጠን እየለካ ነዳጁን ያስተካክላል። እንዲህ ያለው መኪና ጥቁር ጭስ ካወጣ ከፍታውን ሰበብ ማድረግ አይቻልም። ተርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ግን በደጋ አየር ስለሚያንሰው ሊጨስ ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ በጋለ ሞተር ላይ የነዳጅ ቱቦ መፍታት፣ በአካባቢው ሲጋራ ማጨስ ወይም ቤንዚን በአፍ መሳብ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ማጠቃለያ

የዚያች መኪና ጥፋት የፓምፑ አልነበረም፤ ሙቀትና ዝቅተኛ ግፊት ተባብረው ነበር። በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግና ቱቦውን ከጋለው የሞተር ክፍል ማራቅ ከአዲስ ፓምፕ በእጅጉ የረከሰ መፍትሔ ነው። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። ዕቃ ከመለወጥ በፊት ችግሩ መቼ፣ የትና በምን ሁኔታ እንደሚከሰት መመዝገብ የፊዚክስም የመካኒክም የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ለአንባብያን ጥያቄ፦ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን መተንፈሻ በአቧራ ቢደፈን፣ የነዳጅ እጥረቱ የሚብሰው ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጣ ነው ወይስ ከኮረም ወደ አላማጣ ሲወርድ? በውስጥና በውጭ ያለውን ግፊት በማነጻጸር መልሱ።