የድሮ ሸክላን በጆሮ መመዘን፦ ከመግዛትዎ በፊት ደረጃ በደረጃ

የድሮ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሁለት ነገር ማስቀደሙ አይቀርም፤ «ኦርጅናል ነው» እና «ጭረት የለውም»። ሁለቱም እውነት ሆነው ሳለ ሸክላው ጆሮ የሚያቆስል ሊሆን ይችላል። ኦርጅናል መሆኑ መቼ እንደታተመ እንጂ እንዴት እንደታተመ አይናገርም። በደነዘዘ መርፌ ለዓመታት ሲጫወት የኖረ ሸክላም ላዩ ንጹሕ ሆኖ፣ የድምፁ ቦይ ግን ተበልቶ ሊገኝ ይችላል።

ሸክላ ሲመዘን የሚለዩት ነገሮች አራት ናቸው፦ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው፣ ቴፑ ወደ ማተሚያ ቅርጽ ሲቆረጥ የሆነው፣ ፋብሪካው ያተመበት ጥራት፣ የቀድሞ ባለቤቶቹ አያያዝ። ብዙ ገዢ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ ያላክካል። ቀረጻው ራሱ የታፈነ ሲሆን «ሸክላው አርጅቷል» ይላል፤ ሸክላው ተበልቶ ሲያገኘው ደግሞ «የዚያን ጊዜ ቀረጻ እንዲህ ነበር» ብሎ ያልፈዋል።

የኛ ሀገር ሸክላ ይህን ልዩነት ለመማር የተመቸ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም ብቸኛው መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። ከእሱ ጎን የፊሊፕስ ኩባንያ፣ በኋላም አሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ብዙ ሥራ አወጡ። ቀረጻው አዲስ አበባ ይካሄድና ቴፑ ህንድን፣ ሊባኖስን፣ ግሪክን ወደመሳሰሉ አገሮች ሄዶ ይታተማል። ሙዚቃውን የቀዳው ሰውና ሸክላውን ያተመው ሰው በሁለት አገር ናቸው። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ ከአንድ ባንድ ጋር የሠራቸው ሁለት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ አንዱ ደማቅ ሌላው የደበዘዘ ሆነው ቢገኙ ሊገርምዎ አይገባም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ማጫወቻውን ይመርምሩ

ሻጩ ባስቀመጠው ባለ ሻንጣ ማጫወቻ ሸክላ አይመዘንም። የዚያ ዓይነቱ መርፌ ብዙ ጊዜ ከባድና ሻካራ ነው፤ ባስ አያወጣም፣ ቀጭኑን ድምፅም ያንሻፍፋል። ከተቻለ የራስዎን ማጫወቻ ወይም የሚያምኑትን ሰው ማጫወቻ ይጠቀሙ። የብዙዎቹ ዘመናዊ መርፌዎች ክብደት ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው፤ አምራቹ ካዘዘው አይቀንሱበት። ቀላል መርፌ ሸክላ የሚያተርፍ ይመስላል እንጂ ቦዩ ውስጥ እየዘለለ የበለጠ ይጎዳዋል። የመርፌው ጫፍ ላይ አቧራ ከተጠራቀመ ጥሩው ሸክላ ሁሉ የተበላ ይመስልዎታል።

መሐሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ባለ 45 ዙር ሸክላ በግምት አያስቀምጡ። ለ38 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ የሚሆን ማዕከል ማስያዣ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዜማው ይዋዥቅና ጥፋቱን በፋብሪካው ላይ ያሳብባሉ።

ደግሞ ሞኖ የሆነ ሸክላ ሲያጫውቱ የማጉያውን የሞኖ ቁልፍ ይጫኑ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተቀረጸው መርፌውን ወደ ጎን በሚያወዛውዝ ቦይ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነሳው ግን አብዛኛው ቆሻሻና ጉዳት ነው። የግራና የቀኙ ድምፅ ሲደመር ይህ ትርፍ ጫጫታ በከፊል ይጠፋፋል። «ተበልቷል» ተብሎ የተጣለ ስንት ሸክላ በዚህ አንድ ቁልፍ ነፍስ ይዘራል!

ደረጃ 2፦ በዓይን ይዩ፣ ግን አይመኑት

ሸክላውን በአንድ ጠንካራ መብራት ሥር ወደ ጎን አዘንብለው ያሽከርክሩት። ፀጉር መሳይ ስስ መስመሮች ያስደነግጣሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ አይሰሙም። በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ሲዳስሱ የሚሰማ ጭረት ግን መርፌውም ይሰማዋል። ጭረቱ ቦዩን ተሻግሮ ከሄደ ቀጭ እያለ ያልፋል፤ ከቦዩ ጋር አብሮ ከተጠማዘዘ ግን መርፌውን አንድ ቦታ ሊያስቀረው ይችላል።

ጥቁሩ ሸክላ ወደ አመድማነት ካደላ፣ በተለይም ሙዚቃው በሚጮህበት አካባቢ፣ መበላቱን ይጠርጥሩ። በአሜሪካ ከታተሙት ባለ 45 ዙሮች ብዙዎቹ ከቪኒል ሳይሆን ከስታይሪን የተሠሩ ናቸው፤ ስታይሪን ቶሎ ይበላል፣ ዓይን ላይ ግን ያን ያህል አያሳብቅም።

ከዚያ ሙዚቃው አልቆ መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ባዶ ቀለበት ያንብቡ። እዚያ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ቁጥር አለ፤ የትኛው ቆረጣ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ሁለት ሸክላ አንድ ዓይነት ሽፋንና ወረቀት ኖሯቸው ይህ ቁጥር ከተለያየ፣ ድምፃቸውም ሊለያይ ይችላል። የጃዝ ወዳጆች በብሉ ኖት ኩባንያ ሸክላዎች ላይ የመሐንዲሱን የሩዲ ቫን ጌልደርን ስም ወይም የስሙን ሦስት ፊደሎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የሌድ ዜፕሊን ሁለተኛ አልበም ደግሞ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ መሐንዲሱ ቦብ ለድዊግ ኃይለኛ አድርጎ የቆረጠው በርካሽ ማጫወቻ ላይ እየዘለለ ስላስቸገረ ኩባንያው ለስለስ አድርጎ አስቆረጠው። ሁለቱም ኦርጅናል ናቸው፤ ዛሬ ዋጋ የሚያወጣው ግን የመጀመሪያው ነው።

ደረጃ 3፦ ሳያጥቡ አይፍረዱ

በተጣራ ውኃና በጥቂት ጠብታ ሽታ አልባ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይዘው የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው ይጠቡት። ወረቀቱን አያርጥቡ፤ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ያድርቁ። የድሮውን ባለ 78 ዙር ሸክላ ግን አልኮል ያለበት ማጽጃ እንዳያስነኩት፤ የተሠራበትን ሙጫ ያሟሟዋል። ታጥቦ የጠፋ ጫጫታ ቆሻሻ ነበር፤ ታጥቦ የቀረው ጉዳት ነው።

ደረጃ 4፦ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ዝምታ ያድምጡ

ብዙ ሰው ይህን ቦታ ይዘለዋል፤ ብዙ መረጃ ያለው ግን እዚሁ ነው። መርፌው ካረፈበት እስከ መጀመሪያው ኖታ ያሉት ጥቂት ሰኮንዶች ፋብሪካውንና አያያዙን ከቀረጻው ለይተው ያሰሙዎታል።

«ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ይቁጠሩ። ባለ 45 ዙር ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.33 ሰኮንድ፣ ባለ 33 ከሢሶው ደግሞ በ1.8 ሰኮንድ ነው። ቀጭታው በዚያው ልዩነት ከተመላለሰ ጭረት ነው። ያለ ሥርዓት ከተበተነ አቧራ ወይም የቆየ ጉዳት ነው። «ሽው… ሽው…» እያለ በየዙሩ የሚመለስ ድምፅ፣ ጭረት ሳይታይ ሲሰማ፣ ከፋብሪካው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ፕላስቲኩ የማተሚያውን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላው ሲቀር እንዲህ ያደርጋል፤ ማጠብም አያድነውም።

ሙዚቃው ሊጀምር ሲል ብቻ «ስስስ» የሚል እኩል ድምፅ ብቅ ካለስ? እሱ የቴፕ ድምፅ ነው። እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ቴፑ ላይ የነበረው ቀጭን ድምፅ በማጣሪያ እንዳልተቆረጠ ይነግረኛል።

ደረጃ 5፦ ከመጨረሻው ደቂቃ ይጀምሩ

ሻጭ ሁልጊዜ መርፌውን የሚያሳርፈው ጠርዙ ላይ ነው፤ ሸክላ እዚያ ያምራል። እርስዎ ግን ወደ መሐል የተጠጋውን የዘፈኑን መጨረሻ ያጫውቱ። በትልቁ ሸክላ ጠርዝ ላይ በመርፌው ሥር በሰኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል፤ መሐሉ ጋ ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ ባነሰ ቦታ ስለሚታጨቅ መበላትም መንሻፈፍም ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። ባለ 45 ዙር ትንሹ ሸክላ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ጠርዙ ላይ 40፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ 25 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠባል።

በአማርኛ ዘፈን ምርጡ መፈተኛ ድምፃዊው ነው። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ያለባቸውን ቃላት ይጠብቁ። ፊደሎቹ ጥርት ብለው ከወጡ ቦዩ ጤነኛ ነው። ምራቅ እንደሚረጭ «ጭስስ» ካሉ ወይ ተበልቷል ወይ መርፌዎ በትክክል አልተተከለም፤ ሌላ ሸክላ አስገብተው ይለዩ። ቀጥሎ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ያዳምጡ። ሳክስፎንና ትራምፔት አንድ ላይ ሲነሡ ድምፁ ከተሰነጠቀ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ስንጥቁ ጠርዙም ላይ መሐሉም ላይ እኩል ነው? እኩል ከሆነ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክሮፎኑ ወይም ቴፑ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው፤ ሌላ ኮፒ ቢገዙም አይለቅዎትም። ወደ መሐል ሲሄድ እየባሰ ከመጣ፣ ወይም በአንዱ ስፒከር ብቻ ከተሰማ፣ ያ መበላት ነው፤ ሌላ ኮፒ ይፈልጉ።

ረዘም ብሎ የተያዘ የኦርጋን ድምፅ ካገኙ ዜማው ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ ይከታተሉ። በየዙሩ ከዋዠቀ ቀዳዳው ከመሐል ወጥቷል ወይም ሸክላው ተጣምሟል። ፒያኖና ኦርጋን ይህን አይደብቁም፤ ዘፋኝ ግን ራሱ ድምፁን ስለሚያንቀጠቅጥ ይሸፍንልዎታል።

ስለ ባስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ የተሳሳተ ፍርድ የሚሰጠው በሱ ነውና። ሸክላ ሲበላ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው እንጂ ባሱን አይደለም። ባሱ የሳሳ ባለ 45 ዙር ካጋጠመዎት አሮጌ ስለሆነ አይደለም፤ ያኔውኑ ለትንንሽ ማጫወቻዎችና ለሙዚቃ ሳጥኖች (ጁክቦክስ) እንዲጮህ ተብሎ እንዲያ ተቆርጦ ይሆናል፤ ወይም ቀረጻው ላይም አልነበረም።

ደረጃ 6፦ ከዳግም እትም ጋር ያስተያዩ

ቴፑ ላይ ምን እንደነበረ ለማወቅ ማስተያያ ያስፈልጋል። ለኛ ሙዚቃ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው፣ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሚያወጣው የኢትዮፒክ ተከታታይ ሲዲ ጥሩ መነሻ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ ዎርዚ ሪከርድስ ነው የወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ስትራት የተባለው የለንደን ኩባንያ በሸክላ መልሶ አሳትሞታል።

ሲያስተያዩ በመጀመሪያ ድምፃቸውን አንድ ልክ ላይ ያድርጉ። ጆሮ ትንሽ የጮኸውን «ይህ ይሻላል» ይላል፤ የማጉያውን ቁልፍ ነካ አድርገው እኩል ሲያደርጉ ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ከዚያ የድምፁን ጅራት ያዳምጡ፦ ክራሩ ተመትቶ ሲጠፋ፣ ጸናጽሉ ሲሞት። በዳግም እትም ላይ ጅራቱ በድንገት ከተቆረጠ ጫጫታ ለማጥፋት ሲባል ሙዚቃውም ተጠርጓል። አዲሱ፣ ከላስቲኩ የወጣው ሸክላ ላይ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ብቅ የሚልና የሚጠፋ የአሮጌ ሸክላ ጭርጭርታ ከሰሙ ደግሞ የተገለበጠው ከቴፕ ሳይሆን ከሸክላ ነው። ዋጋውን በዚያው ልክ ይቁረጡ።

ሽፋኑ ላይ «180 ግራም» ስለተጻፈ አይማረኩ፤ ከባድ ፕላስቲክ የተሻለ ቴፕም የተሻለ ቆራጭም አያመጣም። የጃፓን እትሞች ጫጫታቸው ትንሽ ነው፣ ይህ ዝናቸው እውነት ነው፤ ሆኖም የውጭ ሙዚቃ ሲሆን ብዙ ጊዜ የታተሙት ከተገለበጠ ቴፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሞኖ ቴፕ በመሣሪያ «ስቴሪዮ» የተደረጉ እትሞችንም ይራቁ፤ ዘፋኙ ክፍሉ ሁሉ ውስጥ ተበትኖ ነው የሚሰማው።

ደረጃ 7፦ ምን እንደሚታገሡ ይወስኑ

በዘፈኖች መካከል የሚሰማ ጭርጭርታ ይቻላል፤ ሙዚቃው ሲጀምር ይዋጣል። ሁለት ሦስት ቀጭታም እንዲሁ። እኔ የማልታገሠው የተበላ ቦይ ነው፤ ማጠብም ጥሩ መርፌም አይመልሰውም፣ ባዳመጡት ቁጥር ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። በጣም ብርቅ የሆነ ሸክላ ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል፤ ያኔ የሚገዙት ለጆሮዎ ሳይሆን ለመደርደሪያዎ መሆኑን አውቀው ይክፈሉ።

ሻጩ ማጫወቻ ከሌለውና «ወስደህ ስማው» የማይል ከሆነ፣ ሸክላውን በዓይን ብቻ የተመዘነ አድርገው ዋጋ ይስጡ፤ ባዶ ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ቤት ካለው ኮፒ ወይም ከሌላ ሻጭ ኮፒ ጋር አስተያይተው ይመለሱ።