ከፊትሽ ተቀምጦ ከኋላሽ የሚናገር

ልጄ፣ የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ መረከብሽን፣ ሶፋው መግባቱን፣ ቴሌቪዥኑም ግድግዳ ላይ መሰቀሉን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን ደግሞ ሆም ቴአትር ልትገዢ ነው አለችኝ፤ ያውም አምስት ስፒከር በየማዕዘኑ የሚጎለትበትን ሳይሆን፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከርና አንድ የቤዝ ሣጥን ብቻ ኖሮት ከጎንም ከኋላም ያሰማል የሚባለውን። ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴፕ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ምክሬን በቁጥር ጽፌልሻለሁ። ሁሉም እኩል አይደለም፤ ሦስተኛውን ሁለቴ አንብቢው።

፩. መጀመሪያ ሳሎንሽ ውስጥ ስንት ሰው ተቀምጦ እንደሚያይ አስቢ። ይህን የምልሽ ዕቃው የሚሠራው ጆሮን በማታለል ስለሆነ ነው። በቀኝሽ በኩል ሰው ቢጠራሽ ድምፁ ቀኝ ጆሮሽ ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል፤ ግራው ዘንድ ሲደርስ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቷል። ጭንቅላትሽ ስለሚጋርደውም ደከም ይላል። የጆሮሽ እጥፋት ደግሞ ከፊት የመጣውንና ከኋላ የመጣውን ድምፅ በተለያየ መንገድ ይለውጠዋል። አንጎል አቅጣጫ የሚያውቀው ከእነዚህ ነው። ማሽኑ ያንኑ መዘግየትና ያንኑ ለውጥ አስመስሎ ከፊት ለፊት ይልካል፤ አንቺም ዞር ብለሽ ኋላሽን ታያለሽ።

ችግሩ የቀኙ ስፒከር ድምፅ ለግራ ጆሮሽም መድረሱ ነው። ስለዚህ ግራው ስፒከር ያንን ሾልኮ የመጣ ድምፅ የሚያጠፋ ተቃራኒ ድምፅ መልቀቅ አለበት። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ማንፍሬድ ሽሮደርና ቢሽኑ አታል በፈረንጆች 1960ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ ሠርተውታል። ሒሳቡ ግን የሚሰላው ራስሽ አንድ ቦታ ላይ ነው ተብሎ ነው። ፈቀቅ ካልሽ ይፈርሳል። ድምፁን ግድግዳ ላይ አንጥሮ የሚመልስ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ደግሞ ግራና ቀኝሽ ተመሳሳይ ግድግዳ ይፈልጋል። አንዱ ጎን ወደ ኩሽና ክፍት፣ ሌላው በወፍራም መጋረጃ የተሸፈነ ከሆነ የሚነጥርበት የለውም።

ማታ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ብቻ ፊልም የምታዩ ከሆነ ዕቃው ይሆንሻል። እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ሶፋውን ሞልቶ፣ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተዘርግተው የሚታይበት ቤት ከሆነ ግን መሃል ከተቀመጠው ሰው በቀር ጥቅሙን የሚያገኝ የለም። ለእንዲህ ያለ ቤት ጥሩ ተራ ስቴሪዮ ይበልጣል።

፪. ሳሎኑ መሃል ቆመሽ አንዴ አጨብጭቢ። ሴራሚክ ወለልና የተለሰነ ግድግዳ ብቻ ያለበት ክፍል ጭብጨባውን መልሶ መላልሶ ያስተጋባል። እዚያ ውስጥ የተሰላው ማታለያ ሁሉ ከማስተጋባቱ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ከበጀትሽ ላይ ቀንሰሽ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ብትገዢ፣ የረከሰው ዕቃ ከተወደደው የተሻለ ይሰማሻል።

፫. ሱቅ ስትገቢ «ይህን የዙሪያ ድምፅ የሚባለውን አጥፋልኝ» በይው። ሻጩ ቅር ይለዋል። ይበለው። መጀመሪያ መስማት ያለብሽ ዕቃው ምንም ሳያስመስል፣ ሁለት ስፒከር ብቻ ሆኖ የሰውን ንግግር እንዴት እንደሚያወጣ ነው። ሻጭ ሁልጊዜ የሚከፍተው ጥይትና ፍንዳታ ያለበትን ነው፤ ፍንዳታ ደግሞ የማያሰማ ስፒከር የለም፣ የተበላሸውም ቢሆን። አንቺ የምታውቂውን ነገር በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፦ ዜና፣ ሰዎች በዝግታ የሚነጋገሩበት ድራማ፣ አንድ የክራር ወይም የማሲንቆ ሙዚቃ። የዜና አንባቢዋ ድምፅ አፍንጫዋን የያዘች ከመሰለ፣ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮሽን ከወጉት፣ የክራሩ ክር ሲመታ ጣቱ ካልተሰማሽ፣ ሌላ ዕቃ አሳየኝ በይ።

ከዚያ ማታለያውን አስከፍቺና ያንኑ ንግግር ድገሚው። ብዙዎቹ ላይ የተናጋሪው ድምፅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ይሳሳል፣ የሆነ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከፍቶም ዘግቶም ንግግሩ ያልተነካበትን ያዢ። ሁለት ጥንቃቄ ልጨምርልሽ። ተቀምጠሽ ስሚ፣ ቆመሽ አይደለም። ስታወዳድሪም የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አስደርጊ፤ ከፍ ብሎ የተከፈተው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና፣ ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ለንግግር ይህን ያህል መጨነቄ ያለ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን በ1931 ለስቴሪዮ ፈጠራው ፓተንት ሲያመለክት አንዱ ጭንቀቱ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ተዋናዩ ከስክሪኑ ወዲያ ጫፍ ቆሞ ድምፁ ከሌላ ቦታ መምጣቱ። ባለ አምስቱ ዕቃ ለንግግር መሃል ላይ የራሱ ስፒከር አለው። ያንቺ የለውም፤ ሁለቱ እኩል ሲናገሩ ነው ድምፁ ከመሃል የሚመስለው። ሁለቱ ደካማ ከሆኑ ደግሞ የሚደግፋቸው የለም።

፬. ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት እርሺው። «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚለው ለማስታወቂያ እንጂ ለጆሮ አይደለም፤ አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጊ። እሱም ከሌለ ዕቃውን አዙሪና ከመስመር የሚወስደውን ዋት ጀርባው ላይ አንብቢ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ሊያወጣ አይችልም። ዋቱ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው።

፭. የቤዙ ሣጥን። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጆሮ አይለይም፤ ሣጥኑ ሶፋ ጎን ተደብቆ መሥራት የሚችለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ስፒከሮቹ ከመጠን በላይ ትንንሽ ከሆኑ የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ወደ ሣጥኑ ይወርዳል፤ ጋዜጠኛው ሶፋ ሥር የተቀመጠ ይመስልሻል። ይህንንም ሱቁ ውስጥ በዜናው ፈትኚው።

ቤት ስታስገቢ ማዕዘን ላይ አትወትፊው፤ ማዕዘን ቤዙን ያሳብጠዋል። 50 ኸርዝ ያለው ድምፅ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፣ ከሳሎንሽ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ያጓራል፣ ሌላ ቦታ ይጠፋል፤ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስሽ ሞክሪ። ቤዝ ወለሉን አልፎ ከታች ላለው ጎረቤት እንደሚደርስም አትርሺ፤ ነገ በእድር የምትገናኙ ሰዎች ናችሁ። የሌሊት ሞድ ያለው ዕቃ ይሻላል፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል።

፮. ምን እንደምታዪበትም ጠይቂ። ዶልቢ ዲጂታል የተባለው ባለ 5.1 ድምፅ በ1992 በባትማን ሪተርንስ ፊልም ሲኒማ ቤት ከገባ ወዲህ ብዙ ፊልሞች ስድስት የድምፅ መስመር ይዘው ይመጣሉ፤ ማሽንሽም ስድስቱን አጣጥፎ በሁለት ያቀርባል። በዲሽ የምታዪው ድራማ ግን አብዛኛው ባለ ሁለት መስመር ነው፤ ከቴሌግራም የሚወርደው ፊልምም እንዲሁ። እዚያ ላይ ማሽኑ የሚያደርገው ግምት ነው። ዲስክ ወይም የኢንተርኔት ፊልም የምታዪ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ኤአርሲ የተጻፈበትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ተጠቀሚ፤ ከዚያ የድምፅ ሴቲንጉን ግቢና ፒሲኤም የሚለው ተመርጦ እንደሆነ እዪ። እሱ ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች ስድስቱን መስመር ወደ ሁለት ጨፍልቀው ነው የሚልኩት፤ ሰዉ ደግሞ ዕቃውን ያማል።

፯. አሜሪካ ያለው የአጎትሽ ልጅ «እኔ እልክልሻለሁ» ካለሽ ከማመስገንሽ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። 100-240 የሚል ከሆነ እሰዬው። 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ የተሰካ ዕለት አለቀለት። እንዲህ ጨሰው የመጡልኝን ቆጥሬ አልጨርስም። ትራንስፎርመር ተገዝቶለት መሥራት ይችላል፤ ግን ዋጋውንና የሚይዘውን ቦታ አስቢው። ዲቪዲ ማጫወቻ አብሮት ካለ የአሜሪካው ለክልል 1 የተሠራ ነው፣ እኛ ደግሞ በዲቪዲ አከፋፈል ክልል 5 ውስጥ ነን፤ የእኛን ዲስክ ላያነብ ይችላል። የትም ተገዛ የት፣ መብራት ሲጠፋ ከዲቫይደሩ ንቀይው፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲመለስ ነው።

፰. አቀማመጡ ቀላል ነው። በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ አንቺ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል። ቡፌ ውስጥ አትክተቻቸው። እናትሽ ዳንቴል ላልብሳቸው ማለቷ አይቀርም፤ ሣጥኑን ታልብስ፣ የስፒከሩን ፊት ግን አይሆንም በያት።

፱. ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ የስፒከሩን ፊት ከፍተሽ በወረቀቱ ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ በጣትሽ ነካ አድርጊው። ከተፈረፈረ ተዪው። ገመዱ በተራ ሽቦ የሚታሰር ቢሆን ይመረጣል፤ የራሱ ልዩ ሶኬት ያለው ዋናው ሣጥን ሲሞት ስፒከሮቹም አብረው ከጥቅም ውጪ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ሴቲንጋቸው የሚገኘው በሪሞት ብቻ ስለሆነ ደግሞ «ሪሞቱ ቤት ነው፣ ነገ አመጣልሻለሁ» ለሚልሽ ሰው ገንዘቡን ነገ ክፈይው።