በአራጣ ገንዘብ ወደ ዱባይ?

ከሐዋሳ የጻፉት የ26 ዓመት ጠያቂ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በስፌት ማሽን ኦፕሬተርነት ሲሠሩ ቆይተው ከተሰናበቱ ወዲህ ቋሚ ገቢ እንዳላገኙ፣ ታናናሽ እኅቶቻቸውን እናታቸው እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ እንደሚያስተምሩና የኑሮ ውድነቱ ቤቱን እንዳናጋው ገልጸዋል። አንድ ደላላ 140,000 ብር ከተከፈለው በተለምዶ «ቪዚት» የሚባለውን የጉብኝት ቪዛ አውጥቶ ወደ ዱባይ እንደሚልካቸው፣ እዚያም በወር 1,000 ድርሃም የሚከፈልበት የቤት ሠራተኝነት እንደማያጡ ነግሯቸዋል። እናታቸው ገንዘቡን በወር 10 በመቶ ወለድ ሊበደሩ ከአበዳሪው ጋር ቀጠሮ ይዘዋል። ጥያቄው መሄድ ይሻላል ወይስ መቅረት የሚል ሲሆን፣ ጠያቂዋ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ በዚህ ዕድሜያቸው የእናታቸውን እጅ ማየት እንደሚያሳፍራቸው ጽፈዋል።

ውሳኔውን ከሁሉ በላይ እየገፋ ያለው ይህ ኀፍረት ስለሚመስል አስቀድሞ ሊነሣ ይገባል። ጠያቂዋ ሥራቸውን ያጡት በስንፍና ወይም በሙያ ጉድለት አይደለም። አጎዋ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዓይነት ምርቶችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚነት ስትሰረዝ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ቀንሶባቸው ሠራተኛ አሰናብተዋል፤ ዘግተው የወጡም አሉ። ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ ጉዳይ እንጀራዋን ያጣች ሴት በእናቷ ፊት አንገቷን የምትደፋበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይታይ። የድርሃም ዋጋ አንድ ዶላር በ3.67 ድርሃም ሂሳብ የታሰረ በመሆኑ 1,000 ድርሃም 272 ዶላር ገደማ ነው፤ ዶላሩ በ130 ብር ቢመነዘር እንኳ በወር 35,000 ብር ያህል ይሆናል። ከስፌት ሠራተኛ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ የሚያጓጓ መሆኑ አይካድም፤ በተለይም የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ገንዘብ ከቀድሞው ይበልጥ ገዝፎ ይታያል። ነገር ግን የ140,000 ብር ወለዱ ብቻ በየወሩ 14,000 ብር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በስምምነት ሊጠየቅ የሚችለውን የብድር ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ስለገደበው፣ ይህ አበዳሪ ሕግ ለዓመት የፈቀደውን በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ይሰበስባል ማለት ነው። ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ላይ እየተደመረ ሄዶ ጠያቂዋ ሥራ ሳያገኙ አራት ወር ቢቀመጡ ዕዳው ከ200,000 ብር ያልፋል። የጉብኝት ቪዛው በ60 ቀን የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል፤ በሕገ ወጥነት የሚቆዩባቸው ሁለት ወራት ብቻ 3,000 ድርሃም፣ ማለትም ደላላው ተስፋ የሰጠውን የሦስት ወር ደመወዝ፣ ይበላሉ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ዕዳው በሰው ላይ የሚያደርገው ነው። በየወሩ 14,000 ብር እናቷ ደጃፍ ላይ የሚጠየቅባት ሴት ደመወዟ ሲቆረጥ፣ እንቅልፍ ስትነፈግ ወይም ከዚያ የከፋ ሲደርስባት «እምቢ» ብላ ለመውጣት አቅም አይኖራትም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የቤት ሠራተኞች ሕግ የሳምንት ዕረፍትን፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍትንና ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ የመያዝ መብቷን ደንግጓል፤ በቪዚት ገብታ የምትሠራ ሴት ግን ለመክሰስ ስትቀርብ የራሷ ጥፋት ቀድሞ ስለሚታይ በእነዚህ መብቶች መጠቀሙ እጅግ ይከብዳታል።

የኢኮኖሚ ድቀት የሚደርሰው በላኪው አገር ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ያስፈልጋል። በሊባኖስ በወር 150 ዶላር በሊራ ሲከፈላት የነበረች ሠራተኛ በቀድሞው ምንዛሪ 226,000 ሊራ ያህል ትቀበል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አንድ ዶላር በጥቁር ገበያ 15,000 ሊራ ሲደርስ ያው ገንዘብ 15 ዶላር ሆነ። ከዚያ በፊት በ2020 አሠሪዎቻቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደዋቸው የሄዱ ሴቶች ሻንጣቸውን ታቅፈው መንገድ ላይ አድረዋል። ዱባይ ቤይሩት አይደለችም፤ ይሁን እንጂ አሠሪ ሲቸግረው መጀመሪያ የሚጎድለው የቤት ሠራተኛ ደመወዝ መሆኑ የትም አይለይም።

እንግዲህ ምክሩ መቅረት ሳይሆን በዚህ መንገድ አለመሄድ ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመድን ዋስትናውን ወጪ በአሠሪው ላይ የጣለ ሲሆን፣ ሠራተኛዋን የሚመለከቱት እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉት ወጪዎች ናቸው። ስለዚህ ደላላው የጠየቀው 140,000 ብር በሕጋዊው መንገድ ቦታ የሌለው ገንዘብ ነው። ጠያቂዋ በአካባቢያቸው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ቢሄዱ ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ውሉ ግን አስቀድሞ በእጃቸው ይገባል፣ ደመወዙም በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል ከመፈረማቸው በፊት ማየት ይችላሉ። ወረፋውን ሲጠብቁም ለሰፈር ልብስ ሰፊ በቁርጥ ሂሳብ ቢሠሩ ሙያቸው አይረሳም፣ የእናታቸው ሸክምም በመጠኑ ይቀላል።

ይህን ሁሉ ከአበዳሪው ቀጠሮ በፊት ከእናታቸው ጋር ቁጭ ብለው፣ ወለዱን በየወሩ በወረቀት ላይ እየደመሩ ቢያሳዩአቸው ይመከራል። እናት ለልጃቸው ብለው ሊገቡበት የተነሡት ዕዳ ስለሆነ፣ ልጅ ራሷ «ይቅር» ስትል ብቻ ሊተዉት ይችላሉ።