መልእክቱ በየትኛው መንገድ መጣ? ቪፒኤን በተከፈተበት ስልክ የጽሑፍ መልእክት ሲጠፋ

አንድ ተማሪ ለወንድሙ ገንዘብ ሊልክ የባንኩን ፕሮግራም በስልኩ ይከፍታል። የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንደሚላክለት ይነገረዋል፤ ቁጥሩ ግን አይመጣም። ከስልኩ መስተዋት ጫፍ ላይ የቪፒኤን ምልክት የሆነችውን ትንሽ ቁልፍ ሲያይ ጥፋተኛውን ያገኘ ይመስለዋል። ስልኩን ዘግቶ ይከፍታል፤ ፕሮግራሙንም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። እኛ ግን ይህ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ «መልእክቱ ወደ ስልኬ የሚመጣው በየትኛው መንገድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት እንላለን።

በተለምዶ ኤስኤምኤስ የምንለው አጭር መልእክት ሲፈጠር ከኢንተርኔት ጋር ዝምድና አልነበረውም። የመጀመሪያው መልእክት ኒል ፓፕዎርዝ የተባለ ወጣት መሐንዲስ ዲሴምበር 3 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከኮምፒዩተር ወደ አንድ የቮዳፎን ኃላፊ ስልክ የላከው የገና ሰላምታ ነበር። መልእክቱ የሚጓዘው፣ የኔትወርክ ማማው ጥሪ መምጣቱን ለስልኩ በሚያስታውቅበት፣ ለድምፅ ሳይሆን ለትእዛዝ በተመደበው ጠባብ መሥመር ነው። የመሥመሩ ጥበት የመልእክቱንም ርዝመት ወስኖታል፤ አንዱ መልእክት ከ140 ባይት አይበልጥም። የላቲን ሆሄ 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ሆሄ ይገባል፤ የእኛ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ስለሚፈልግ 70 ላይ ይቆማል። (በአማርኛ ስንጽፍ ሒሳባችን ቶሎ የሚያልቀው ወሬ ስለምናበዛ ብቻ አይደለም።)

ቪፒኤን በበኩሉ የሚያውቀው የኢንተርኔት ፓኬቶችን ነው። ከስልኩ የሚወጣውን ፓኬት በምስጢር ጽሑፍ ለውጦና በሌላ ፖስታ ውስጥ አሽጎ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር ወዳለ ሰርቨር ይልከዋል፤ ሰርቨሩም ፖስታውን ከፍቶ ፓኬቱን ወደ መድረሻው ያሳልፈዋል። ኤስኤምኤስ በዚህ ፖስታ ውስጥ አይገባም። በ4ጂ ኔትወርክ መልእክቱ ራሱ በፓኬት መልክ ሊጓዝ ቢችልም፣ የሚጓዘው በስልክ ድርጅቱ የውስጥ መሥመር እንጂ በቪፒኤኑ አይደለም። ይህን ልዩነት በአገራችንም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት በተገደቡበት ጊዜ ቪፒኤን ለብዙዎች መውጫ ሆኖ ነበር። ከምርጫ 97 በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007፣ የአጭር መልእክት አገልግሎት ሲቋረጥ ግን ምንም ዓይነት ቪፒኤን ሊመልሰው የሚችል አልነበረም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙዎች አያስተውሉትም። ቪፒኤን ኤስኤምኤስን እንደማያግድ ሁሉ አይሸሽገውምም። መልእክቱ በስልክ ድርጅቱ የመልእክት ማዕከል ሲያልፍ ለድርጅቱ የሚነበብ ሆኖ ነው። የቁልፏን ምልክት አይቶ ምስጢሩን በኤስኤምኤስ የሚልክ ሰው በሌለ መከለያ ተማምኗል።

እንግዲህ ችግሩ ሲደርስ ቀላል ሙከራ እናድርግ። ዳታውንና ዋይፋዩን እንዝጋ፤ ሲም ካርዱ ግን ይሥራ። ጓደኛችን ከተራ ስልክ አጭር ጽሑፍ ይላክልን። ካልደረሰን ቪፒኤኑ ንጹሕ ነው፤ የኔትወርኩን ጥንካሬና የታገዱ ቁጥሮችን ዝርዝር እንመልከት። መላክ ያቃተን እኛ ከሆንን ደግሞ ቀሪ ሒሳባችንንና በስልኩ የተመዘገበውን የመልእክት ማዕከል ቁጥር እንይ። ከደረሰን ግን ችግሩ በኢንተርኔቱ በኩል ነው።

የተማሪው ጉዳይ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫው የሚመጣው በኤስኤምኤስ ቢሆንም «ቁጥር ላኩልኝ» የሚለው ጥያቄ የሚሄደው በኢንተርኔት፣ ማለትም በቪፒኤኑ ውስጥ ነው። ባንኩ ጥያቄውን ከሌላ አገር አድራሻ እንደ መጣ አድርጎ ስለሚያየው ሊጠራጠርና ቁጥሩን ጨርሶ ላይልክ ይችላል። ያልተላከ መልእክት ደግሞ የትም ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ቪፒኤኑን አጥፍቶ አዲስ ቁጥር መጠየቅ፣ ወይም ቪፒኤኑ የሚፈቅድ ከሆነ የባንኩን ፕሮግራም ብቻ ከቪፒኤኑ ውጭ እንዲሠራ ማድረግ ይበጃል። ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ግን ሒሳቡን ሊያስቆልፍ ይችላል።

ሌላው ግራ የሚያጋባው፣ ኤስኤምኤስ የሚመስል ግን ያልሆነ መልእክት ነው። በአንድሮይድ አርሲኤስ፣ በአይፎን አይሜሴጅ የሚባሉት በዚያው የመልእክት ገጽ ላይ ይታያሉ እንጂ የሚጓዙት በኢንተርኔት ነው፤ አይፎንም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ አርሲኤስን ይቀበላል። ቪፒኤኑ ሲደናቀፍ አብረው ይደናቀፋሉ። ምስል የሚይዘው ኤምኤምኤስም በዳታ መሥመር ነው የሚያልፈው። በዋይፋይ የስልክ ጥሪ የሚሰጡ ድርጅቶች ባሉበት አገር ደግሞ እውነተኛው ኤስኤምኤስ ራሱ በዋይፋዩ ሊመጣ ስለሚችል፣ በቤቱ ራውተር ላይ የተጫነ ቪፒኤን ሊያሰናክለው ይችላል።

በቴሌግራም ጽሑፍ እያለፈ ፎቶግራፍ ሲቀር የፖስታውን ክብደት እንጠርጥር። በአብዛኛው ኔትወርክ የአንድ ፓኬት ጣሪያ 1500 ባይት ነው። ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ከ60 እስከ 80 ባይት ይጨምራል። ትንሹ ጽሑፍ በቀላሉ ሲያልፍ እስከ አፉ የተሞላው የፎቶግራፍ ፓኬት ከጣሪያው በልጦ መንገድ ላይ ይቀራል። በቪፒኤኑ ማስተካከያ ውስጥ ኤምቲዩ የሚለውን ቁጥር ወደ 1280 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ኤስኤምኤስ እየገባ ቴሌግራምም ዋትስአፕም ጸጥ ካሉ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው ቪፒኤኑን ከጀርባ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። በአንድሮይድ ላይ «ያለ ቪፒኤን ግንኙነት አይኑር» የሚለው ትእዛዝ በርቶ ከነበረ፣ ቪፒኤኑ ሲወድቅ ስልኩ ኢንተርኔቱን በሙሉ ይዘጋል። ይህን ትእዛዝ ራሳችን ከወራት በፊት አብርተን ረስተነው ይሆናል፤ ቪፒኤኑን ከባትሪ ቆጣቢው ዝርዝር ስናወጣው የተጠራቀሙት መልእክቶች በአንድ ጊዜ ይገባሉ።