«ቀላ ብለሻል» እና ዋጋው፦ ስለ ማቅያ ክሬሞችና ስለ ማስታወቂያቸው

ወደ አገር ቤት ለመሄድ ትኬት ስንቆርጥ ከዘመድ የሚላክልን የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ከሽቶና ከጫማ ጋር «ፊት የሚያጠራ ክሬም» ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የነርሲንግ ተማሪ በመሆኔ ይህን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ ይከብደኛል። ስለዚህ ፍላጎቱ ከየት እንደመጣና ክሬሙ ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፍላጎቱ እንዴት ይፈጠራል?

በ1975 ሕንድ ውስጥ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለ ክሬም ለገበያ ቀረበ። የታወቁት ማስታወቂያዎቹ ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ ሥራ ወይም ባል ያጣች ጠይም ልጅ ክሬሙን ትቀባለች፣ ፊቷ ደረጃ በደረጃ ይቀላል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይሳካላታል። ማስታወቂያው ክሬሙን ከመሸጡ በፊት ችግሩን ይሸጣል። ሥራ ያላገኘችበት ምክንያት ቆዳዋ እንደሆነ ያሳምናታል።

በ2020 ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ ተቃውሞው ሲበረታ ኩባንያው ስሙን «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» አለው። ዛሬ ብዙ ማሸጊያዎች ላይ «ማቅያ» የሚል ቃል አናገኝም፤ «ብራይትኒንግ»፣ «ግሎው»፣ «ኢቨን ቶን» የሚሉትን እናገኛለን። ቃሉ ለስልሷል፣ መልእክቱ ግን ያው ነው።

እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። በቋንቋችን «ጠይም ዓሣ መሳይ» የሚል ውብ አድናቆት አለን፤ ሆኖም «ቀላ ብለሻል» ስንባል ደስ ይለናል፣ ሠርግ ላይ ፊታችን ከአንገታችን በሁለት ደረጃ ቀልቶ ፎቶ እንነሣለን።

ክሬሙ ውስጥ ምን አለ?

የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ነው። የጥቁርና የነጭ ሰው ሜላኒን አምራች ሴሎች ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በሚሠሩት የሜላኒን መጠንና ዓይነት ነው። ሜላኒን የፀሐይ ጨረርን ይከላከላል፤ ስለዚህ እሱን መቀነስ ጋሻን እንደማውለቅ ነው። በተለይ መጠንቀቅ ያለብን ከሦስት ነገሮች ነው።

1. ሜርኩሪ። የሜላኒንን ምርት ያግዳል፤ በቆዳ በኩል ገብቶ ግን ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳትና ብስጭት ያመጣል። ወደ ፅንስ ይተላለፋል፤ ትነቱ ደግሞ ክሬሙን ነክተው የማያውቁ ሕፃናትን ሊመርዝ ይችላል። በ2019 በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አንዲት ሴት ሜርኩሪ በተቀላቀለበት የፊት ክሬም ምክንያት ራሷን እስከመሳት ደርሳለች። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩረስ ክሎራይድ» የሚል ካለ ሜርኩሪ ማለት ነው።

2. ሃይድሮኪኖን። ሐኪም ለማድያት ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝዘው የሚችል መድኃኒት ነው። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ግን ቆዳን ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁር ሊያደርግና በቀላሉ የማይለቅ ጠባሳ ሊተው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች አግዶታል፤ አሜሪካ ውስጥም ከ2020 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ አይፈቀድም።

3. ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ለምሳሌ ክሎቤታሶል። ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረርና ብጉር ያወጣል፣ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል።

ምን እናድርግ?

ዝርዝር ይዘቱ ያልተጻፈበትን፣ የተከፈተ ወይም በሌላ ዕቃ የተገለበጠ ክሬም አትግዙ፣ አታድርሱም። ሜርኩሪ የተጠረጠረበትን ወዲያውኑ አቁሙ፣ በላስቲክ አሽጋችሁ ከቤት ሰው አርቁ፣ ሐኪም ዘንድ የሽንት ምርመራ ጠይቁ። ስቴሮይድን ግን ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በድንገት ካቆመ ፊቱ ቀልቶ ሊቃጠልና ሊያብጥ ይችላል፤ ቀስ በቀስ የሚቀንስበትን መንገድ ሐኪም ይወስን። ክሊኒክ ስትሄዱም «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ/ትወስጃለሽ?» ስትባሉ ክሬሙንም ጥቀሱ። ብዙዎቻችን በሐፍረት እንተወዋለን፤ የኩላሊቱ ምክንያትም ሳይታወቅ ይቆያል።

ማድያት ያስቸገራት ዘመድ ካለች ቢያንስ 30 ኤስፒኤፍ ያለው የፀሐይ መከላከያ መውሰድ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ፀሐይ ማድያትን ታባብሳለችና።

ታላላቆቻችንን መቆጣት አይረዳም። ለአክስቴ የምላት ይህን ነው፦ «እትዬ፣ የሚቀቡትን ክሬም ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ አብረን እናንብበው።» ክሬሙን ያመጣንላት እኛ ከሆንን፣ ጽሑፉን የማንበብ ኃላፊነቱም የእኛ ነው።